የግራ ጉልበት

ጉልበቴን ማመም የጀመረኝ ከየትኛው ቀን እንደሆነ አላውቅም። ያወቅሁት ከሰው ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከፍራሽ ላይ ስነሳ «ወይ አምላኬ» ብዬ ኖሯል። አጠገቤ የነበረው ጓደኛዬ፣ ድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ የጨርቅ ሱቅ ያለው፣ «አቦ፣ ዛሬ ደግሞ እሱ ምን አደረገህ?» አለኝ። እኔ ምንም ያልኩ አልመሰለኝም ነበር። በማግስቱ ራሴን ሳዳምጥ እውነትም ስቀመጥ እጣራለሁ፣ ስነሳ እጣራለሁ። ሃምሳ ስድስት ዓመቴ ነው። ጠዋት ጠዋት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሂሳብ አስተምራለሁ፤ ከሰዓት በኋላ በርጫ ላይ ነኝ።

በርጫ ማለት ጫት ይዞ ፍራሽ ላይ መሰብሰብ ነው። ቁም ነገሩ ጫቱ ሳይሆን መሰብሰቡ ነው ይባላል። ይህን የሚሉት ቃሚዎቹ ራሳቸው ስለሆኑ ግማሹን ብቻ ማመን ይበቃል። እኛ የምንሰበሰበው ድሮ ባቡር ይነዳ በነበረ፣ አሁን ሰባውን ባለፈ ሰው ቤት ነው። አባቴም ባቡር ላይ ስለሠራ ሰውየውን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ከዘመዶቹ ጋር ሶማሊኛ፣ ከገበያ ሰው ጋር ኦሮምኛ፣ ከእኛ ጋር አማርኛ ያወራል፤ ሲናደድ ፈረንሳይኛ ይሳደባል። ሚስቱ ካረፈች ቆይታለች፤ ሁለት ሴቶች ልጆቹ ጅቡቲ አግብተው ይኖራሉ። ጠዋት መጥታ ምግብ ሠርታለት የምትሄድ ሴት አለችው። ከስምንት ሰዓት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ደግሞ እኛ አለንለት።

ክፍሉ ከበሩ በስተቀር ዙሪያውን ፍራሽ ነው። እያንዳንዳችን ቦታ አለን። የእኔ ከባለቤቱ በስተግራ ነው። ከበሩ አጠገብ ጀምሬ፣ ሰው ሲሞት፣ ሰው ሲሰደድ፣ ሰው ጫት ሲተው እየተጠጋሁ እዚያ ለመድረስ ሃያ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል። ትምህርት ቤት እንዲህ ዓይነት እድገት አግኝቼ አላውቅም። ስለዚህ ጉልበቴ ሲብስብኝ የፈራሁት ማነከስን አይደለም፤ ያንን ቦታ ማጣትን ነው። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ ለራሴም ቢሆን የነገርኩት ዘግይቼ ነው።

አቀማመጣችን አንድ ዓይነት ነው። የግራ ክርን መከዳው ላይ ይደገፋል፣ የግራ እግር ታጥፎ ከሥር ይገባል፣ የቀኝ ጉልበት ወደ ላይ ይቆማል። ቀኝ እጅ ለጫቱና ለክርክሩ ነጻ ይሆናል። አራት ሰዓት ሙሉ እንዲህ ይዋላል።

መጀመሪያ የሄድኩት መድኃኒት ቤት ነው። ከኋላዬ ሁለት የድሮ ተማሪዎቼ ተሰልፈው ስለነበር ጮክ ብዬ ማብራራት አልፈለግሁም። «ጉልበቴ ደከመ» አልኳት ልጅቷን። ዕድሜዬን ገምታ፣ እሷም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ከምግብ በኋላ የሚወሰድ የቪታሚን ሽሮፕ ሰጠችኝ። ሁለት ሳምንት ጠጣሁት። የምግብ ፍላጎቴ ጨመረ፤ ጉልበቴ እንደነበረ ነው። ኦሮምኛው ለመታጠፊያው «ጅልባ» ይላል፣ ሶማሊኛው «ጅልብ»፤ ሁለቱም ለብርታት ሌላ ቃል አላቸው። አማርኛ ግን ለሁለቱም አንድ ቃል ሰጥቶ አረፈው። ያኔ የቋንቋው ጉድለት መስሎኝ ነበር፤ አሁን እንጃ።

ቀጥሎ ባለሱቁ ጓደኛዬ ከቀፊራ ጀርባ ወደምትኖር ወጌሻ ወሰደኝ። ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ሴትየዋ ስልሳውን የዘለለች ናት፤ አማርኛዋ ቁጥብ ነው፣ እጇ ግን እንደ ወንድ እጅ ሰፊ ነው። የሰሊጥ ዘይት በቆርቆሮ ጣሳ አሞቀች። «ወሪያ፣ እግር ዘርጋ» አለችኝ። ዘረጋሁ። የቀኙን ያዘች።

«የሚያመኝ ግራው ነው» አልኳት።

«አውቃለሁ። አገባብህን አይቻለሁ።»

ቀኙን ብዙ ጊዜ ዳሰሰችው። የጉልበቱን ሎሚ፣ ከፊት ያለውን ክብ አጥንት፣ በሁለት አውራ ጣቶቿ ወደ ውስጥ፣ ወደ ውጭ፣ ወደ ላይ፣ ወደ ታች አንሸራተተችው። ትዕግሥቴ አለቀ። ባለሱቁን በሶማሊኛ አንድ ነገር አለችውና እሱ ሳቀ። «ደህናውን ሳላውቅ የታመመውን ከማን ጋር ላወዳድረው ነው የምትለው» ብሎ ተረጎመልኝ። ሂሳብ አስተማሪ ሆኜ ይህ ስላልታየኝ አፈርኩ።

ግራው ላይ ስትደርስ ሎሚው አልንቀሳቀስ አለ። ከኋላ፣ ቋንጃው ውስጥ ጣቷን ስታስገባ ጣራውን አየሁ። «ሥር ዞሯል» አለች። ለረጅም ጊዜ አሸችኝ፤ መጀመሪያ ያቃጥላል፣ ከዚያ ይሞቃል፣ ከዚያ እግሩ የራስ አይመስልም። ስነሳ አምላኬን አልተጣራሁም። ተደሰትኩ፤ እንደ ልጅ ነው የተደሰትኩት። በሩ ላይ ሰባት ጣት አሳየችኝ። «ሰባት ቀን ማጠፍ የለም። አደራ።»

በዚያው ቀን ስምንት ሰዓት ላይ አጠፍኩት። ለአንድ ሰዓት ብቻ ብዬ ነበር። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ሕመሙ ሲመለስ «እጇ ድሮ ነበር፤ አሁን አርጅታለች» ብዬ አወራሁ። እንዲህ ያለ ነገር ስናገር ማንም አልተቃወመኝም፤ ከእኛ መካከል የታዘዘውን የሚፈጽም ሰው አልነበረም።

በርጫው ላይ ሁሉም ሐኪም ሆነ። አንዱ በዋግምት ደም አስወጣ አለኝ፤ ደም ስለማልወድ ተውኩት። አንዱ የግመል ስብ አለ። የቤቱ ባለቤት ከሁሉም ዘግይቶ፣ «አሸዋ» አለ። «ከወንዙ መሃል፣ ደቃቁን። ታጥቦ ይደርቃል። በብረት ምጣድ ታግለዋለህ፣ በወፍራም ጨርቅ ትቋጥራለህ፣ መጀመሪያ የእጅህን አንጓ ታስነካዋለህ። እሱ ከቻለ ጉልበትህ ይችላል። ካበጠ ግን እንዳታደርገው።» እንዳለኝ አደረግሁ። ከሁሉም የተሻለ ነበር፤ እስከ ማግስቱ ያቆያል። ይህን ሁሉ ከየት እንዳወቀው አልጠየቅሁትም።

አንድ ጠዋት ሰሌዳ ላይ ክብ ስሠራ ጉልበቴ ከዳኝና ጠረጴዛውን ተደግፌ ተረፍኩ። ተማሪዎቹ አልሳቁም። ይህ አስፈራኝ፤ የሚያዝኑለት አስተማሪ መሆን አልፈልግም። ሆስፒታል ሄድኩ። ሐኪሙ ራጅ አስነስቶኝ ወደ ፊዚዮቴራፒ ክፍል መራኝ።

ባለሙያዋ ወጣት ናት፤ ከመሃል አገር ከመጣች ዓመት አልሞላትም። «እርስዎ» ትለኛለች። ድሬዳዋ ውስጥ ለትልቅም ለትንሽም «አንተ» ነው የምንለው፤ «እርስዎ» የሚባል ሰው ወይ እንግዳ ነው ወይ የተጣሉት ነው። እሷ ግን እንግዳዋ ራሷ ስለሆነች ይቅር አልኳት። አልጋው ላይ ስተኛ የቀኙን ጉልበት ያዘች። አላረምኳትም፤ አሁን ምክንያቱን አውቃለሁ። ሎሚውን እንደ ወጌሻዋ አንሸራተተችው። ከዚያ የሁለቱን ጭኖቼን ዙሪያ በሜትር ለካች። ግራው ሰልሏል። በአጥንቶቹ መካከል ያለው ለስላሳ ነገር መሳሳቱን፣ ጉልበትን የሚሸከመው የጭን ጡንቻ መሆኑን፣ ጡንቻው ሲሰልል ሸክሙ ሁሉ መጋጠሚያው ላይ እንደሚያርፍ ነገረችኝ።

«እስካሁን ምን አደረጉ?» አለችኝ። ትስቅብኛለች ብዬ እየተሳቀቅሁ ስለ ወጌሻዋና ስላላከበርኩት ሰባት ቀን ነገርኳት። አልሳቀችም። «ጥሩ አይታለች» አለች። «ሰባት ቀን እንዳያጥፉ ከነገረችዎት ለምን አጠፉ?»

የሱሪዬን እግር ወደ ታች መሳብ ጀመርኩ።

«ከሰዓት በኋላ ምን ይሠራሉ?»

«አርፋለሁ።» ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ እንደሚባለው ነው።

ወለሉ ላይ ምንጣፍ ዘረጋች። «እስቲ እንዴት እንደሚያርፉ ያሳዩኝ።» ሳላስብ ተቀመጥኩ። የግራ እግሬ ራሱን አጠፈ፤ ክርኔ የሌለ መከዳ ላይ ተደገፈ፤ ቀኝ እጄ ወደ አፌ ልትሄድ ምንም አልቀራትም። ልጅቷ አፏን ይዛ ዞረች። «ይቅርታ» አለችኝ መለስ ብላ፤ «እዚህ ከተማ ወንድ ሁሉ እንደዚህ ነው የሚያርፈው።» ከዚያ ቁምነገረኛ ሆነች። «የእኔ እጅ አሥራ አምስት ደቂቃ ይሠራል። ፍራሹ አራት ሰዓት ያፈርሳል። ሂሳብ አስተማሪ ነዎት፤ ያስሉት። ጓደኞችዎን አይተዉ። ወንበር ይውሰዱ።»

በቃል ሲባል ቀላል ነገር ነው። የፕላስቲክ ወንበሬን በባጃጅ ጭኜ ሄድኩ። ወንበር ፍራሽ ላይ አይቆምም። ክፍሉ ውስጥ ባዶ ወለል ያለው በሩ አጠገብ ብቻ ነው። እዚያው አስቀመጥኩት። ከሃያ ሁለት ዓመት በኋላ ወደ ጀመርኩበት ተመለስኩ ማለት ነው። ባለሱቁ ለአፍታ አየኝና መከዳውን ይዞ ወደ ቦታዬ ተጠጋ። አልፈርድበትም፤ እኔም በሰው ላይ እንዲያ ነበር ያደረግሁት።

ከዚያ የቤቱ ባለቤት ጫቱን ከአፉ ሳይለይ ቀና ብሎ፣ «እርስዎ፣ ከላይ ሲያዩን እንዴት ነን?» አለኝ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁሉም «እርስዎ» ይለኝ ጀመር፤ «እርስዎ ውኃ ያቀብሉን»፣ «እርስዎ ምን ይላሉ?» ምን እላለሁ? ከላይ ሆኜ ስናገር ድምፄ የክፍል ድምፅ ይሆናል። ድሮ በሐሰት የምከራከራቸውን ነገሮች ከወንበር ላይ ሆኜ መከራከር አቃተኝ። ከሁሉም የከፋኝ ግን ቀልዱን የጀመረው እሱ መሆኑ ነው። ባለሱቁ ቢጀምረው መልስ አላጣም ነበር። በአራተኛው ቀን ወንበሩን እዚያው ትቼ ቀረሁ።

ዘጠኝ ቀን ቤቴ ተቀመጥኩ። ፎጣ ጠቅልዬ ከጉልበቴ ሥር አድርጌ ወደ ታች እጫናለሁ፣ እስከ አሥር እቆጥራለሁ፣ እለቃለሁ። እግሬን ዘርግቼ አነሳለሁ። ሎሚውን በአውራ ጣቶቼ አንሸራትታለሁ፤ በአምስተኛው ቀን መንቀሳቀስ ጀመረ። ሚስቴ መጀመሪያ ደስ አላት፤ በሳምንቱ ግን «ሂድ እባክህ፣ እዚህ ሆነህ እኔን ነው የምታርመኝ» አለች። ጉልበቴ እየተሻለው ነበር፤ እኔ ግን ከስምንት ሰዓት በኋላ የማደርገውን አላውቅም ነበር። በዘጠነኛው ቀን ባለሱቁ መጣ። «ሽማግሌው ልኮኝ ነው። ወንበርህ አቧራ ጠጣ ብሏል።»

ሄድኩ። «እርስዎ መጡ?» አለኝ። ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። እየተናደድኩ ስለነበር ብዙ አላወራሁም፤ አያለሁ ብቻ። ጎን ለጎን ስንቀመጥ የማየው የግራ ፊቱን ነበር። ከወንበር ላይ ግን ሁሉም ሰው ከራሱ እስከ እግሩ ይታያል። ሁላችንም ስናጥፍ እሱ ሁለት እግሮቹን ወደፊት ዘርግቶ ሽርጡን ከላይ አልብሷቸዋል። ከሽርጡ ሥር እጁ አያርፍም። እንቅስቃሴውን አወቅሁት፤ ወደ ውስጥ፣ ወደ ውጭ፣ ወደ ላይ፣ ወደ ታች። ከዚያ ሰውየውን ቆሞ ያየሁት መቼ እንደሆነ ለማስታወስ ሞከርኩ። ስንመጣ ተቀምጦ ነው። ስንሄድ «በሩን ግፉት» ይለናል ከቦታው ሳይነሳ። ትልቅ ሰው አይሸኝም ብለን ነበር የያዝነው።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከሌሎቹ ጋር ወጣሁ። መንገድ ላይ የተማሪዎቼን የፈተና ወረቀት መርሳቴ ትዝ አለኝና ተመለስኩ። በሩን ገፋሁት።

ክፍሉ መሃል ወለሉ ላይ ነበር። ሁለት መዳፎቹን ከኋላው ተክሎ፣ መቀመጫውን ትንሽ አንስቶ፣ ወደ መስኮቱ ብረት እየተንፏቀቀ። መንገዱን አጋምሶ ነበር።

ተያየን። «ምን ረሳህ?» አለኝ።

«የፈተና ወረቀት።»

«ከመከዳው ሥር አለ።»

ወረቀቱን አነሳሁ። ከዚያ የትም አልሄድኩም። እሱም ከሁለት አንዱን ማድረግ ነበረበት፤ ወይ መንፏቀቁን መቀጠል ወይ ማውራት።

«መዳህ አልቻልኩም» አለ። «በጉልበት ልዳህ እንዳልል ጉልበቱ ነው የጠፋው። በቂጥ ይሻላል። ብረቱ ጋ ስደርስ ተስቤ እቆማለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ሁለት ረመዳን አልፎታል።»

አጠገቡ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ፤ ግራዬን ዘርግቼ። ሽርጡን ገለጥ አድርጌ፣ ልማድ ሆኖብኝ፣ «ደህናው የትኛው ነው?» አልኩት።

«ደህና የለም።»

ሁለቱም አብጠዋል፤ ሁለቱም ይሞቃሉ። የማወዳድርበት አጣሁ። ሆስፒታል እንሂድ አልኩት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም አልኩት። «በሽታውን የተናገረ ደግሞ ቤት አይገኝለትም» አለኝ። ልጆቹ ከሰሙ በሳምንቱ መጥተው ጅቡቲ እንደሚወስዱት፣ አራተኛ ፎቅ ላይ እንደሚያስቀምጡት፣ ይህ ቤት እንደሚዘጋ ነገረኝ። «እዚያ ማን አለኝ? ባሕሩን ልይ?» ከዚያ ወንበሬን በአገጩ አመለከተ። «አንተ ይህን ስታስገባ ደነገጥኩ ወላሂ። ዛሬ አንድ ወንበር ከገባ ነገ ‹ለአንተስ ወንበር አናምጣ?› ይሉኛል። ለዚህ ነው የሳቅሁብህ።» ይቅርታ አላለም። እኔም አልጠበቅሁም።

በማግስቱ ፊዚዮቴራፒ ክፍል ሄጄ ሁለቱም ጉልበቶቹ የታመሙ ሰው ከወለል እንዴት እንደሚነሳ እንድታሳየኝ ጠየቅሁ። «ለማን ነው?» አለች። ለእኔ ነው አልኳት። «የእርስዎ ቀኝ ጉልበት ደህና ነው» አለችና ምንጣፉን ዘረጋች። ከዚያ አሳየችኝ። መጀመሪያ ወደ ድርብርብ መከዳ፣ ከመከዳው ወደ በርጩማ፤ ከዚያ እግር ለእግር ገጥሞ፣ ክንድ ለክንድ ተያይዞ፣ በእጅ ሳይሆን በወገብ ክብደት ወደ ኋላ መሳብ። «ያበጠና የሚሞቅ ከሆነ ግን ሐኪም ይየው» ብላ አስጠነቀቀችኝ። ሦስት ወር ሙሉ ነግሬዋለሁ፤ አንድ ቀን እሺ ይላል፣ በማግስቱ ይረሳዋል። ልጆቹ ጋ ልደውል ብዬ ሁለት ጊዜ ስልኬን አንስቼ አስቀምጫለሁ። ጥሩ እያደረግሁለት ይሁን እየጎዳሁት አላውቅም።

አሁን ከሁሉም መጨረሻ የምወጣው እኔ ነኝ። ጓደኞቼ ቤቱን ልወርስ እንደሆነ ያማሉ። በሰው ፊት እሱ ዛሬም «እርስዎ» ይለኛል፤ እንዲያውም ብሶበታል። አንድ ቀን ተው ስለው «ከተውኩ ምን አገኘህ ብለው ይጠይቁኛል» አለኝ።

ሰዎቹ ሲወጡ የሰሊጥ ዘይት አሞቃለሁ፤ ጉልበቶቹን አሽቼ ከወለል አነሳዋለሁ። ባለፈው ሳምንት ጉልበቱን ይዤ ሳለ ትልቋ ልጁ ደወለች። ስልኩን ድምፁን ከፍቶ ወለሉ ላይ አስቀምጦ አወራት። ሶማሊኛዬ ያን ያህል ባይሆንም ጥያቄዋ ገባኝ፤ እንዴት ነህ፣ እግርህስ፣ ትንቀሳቀሳለህ ወይ ነው የምትለው። እግሮቹን ዘርግቶ፣ ሁለት ጉልበቶቹ በዘይት እየተንጸባረቁ፣ «ደህና ነኝ፤ ይኸው ቆሜ አይደል የማናግርሽ» አላት። ቆይ አንዴ አላትና ስልኩን በመዳፉ ሸፈነ። ሌላ እጁን ወደ እኔ ዘረጋ።

«ቶሎ አንሳኝ» አለኝ፤ «ልጄን እየዋሸኋት ነው።»